ታዋቂ የቦሩ ሜዳና የደቡብ ወሎ ሰዎች

ቦሩ ሜዳ በአማራ ክልል በደቡብ ወሎ ዞን፣ ከደሴ ከተማ በስተሰሜን አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ደጋማ ሜዳ ነው። ስሙ በታሪክ መጻሕፍት የሚነሣው በግንቦት 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚህ ባካሄዱት የሃይማኖት ጉባኤ ነው። ጉባኤው የኦርቶዶክስ ሊቃውንትን የረጅም ዘመን ክርክር በአዋጅ ዘጋ፤ የወሎን ሙስሊም ገዦች ደግሞ ወይ ተጠመቁ ወይ ሥልጣን ልቀቁ አላቸው። ከዚያ ወዲህ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከአካባቢው የወጡ የብዙ ስመ ጥር ሰዎች ታሪክ ከዚህ ውሳኔ ጋር ይገናኛል። አንዳንዱ የተቀበለው፣ አንዳንዱ የሸሸው፣ አንዳንዱ ደግሞ ገና ሳይወለድ የተወሰነበት ነው።

በዚህ ጽሑፍ «የወሎ ሰው» የሚባለው እዚያ የተወለደ ብቻ ሳይሆን ዋና ሥራውን እዚያ የሠራም ጭምር ነው። ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ሲሆን በአውሮፓውያን ሲሆኑ «እ.ኤ.አ.» ተብሏል።

ወሎ ከመባሉ በፊት

ዛሬ ደቡብ ወሎ የሚባለው አገር በመካከለኛው ዘመን ቤተ አማራ ይባል ነበር። «ወሎ» የሚለው ስም የመጣው ከ16ኛው ክፍለ ዘመን በኋላ በአካባቢው ከሰፈሩት የኦሮሞ ጎሳዎች ነው። ስለዚህ የአካባቢው የመጀመሪያ ታዋቂ ሰዎች ራሳቸውን ወሎዬ ብለው አያውቁም።

ከእነዚህ ቀዳሚው አባ ኢየሱስ ሞዓ (1214–1293 እ.ኤ.አ.) ናቸው። የተወለዱት በዳህና ሲሆን በትግራይ ደብረ ዳሞ ገዳም ከአባ ዮሐኒ ዘንድ ተምረው በ1248 እ.ኤ.አ. ገደማ ወደ ሐይቅ መጡ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ከደሴ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አባ ኢየሱስ ሞዓ ገዳሙን ወደ ትምህርት ቤትነትና የመጻሕፍት ማከማቻነት ለወጡት። በ1280/81 እ.ኤ.አ. ያስጻፉት የአራቱ ወንጌላት ብራና ዘመኑ በእርግጠኝነት ከሚታወቅ ጥንታዊ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት አንዱ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከደቀ መዛሙርታቸው መካከል ነበሩ፤ በሐይቅ ለዘጠኝ ዓመት ያህል እንደቆዩ ገድላቸው ይተርካል። በሸዋ የደብረ ሊባኖስ ገዳም መሥራች የሰለጠኑት እዚህ ነው ማለት ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላ በዚያው ገዳም የተማሩት አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ የኢትዮጵያ ሥነ ጽሑፍ ታላላቅ ደራስያን ከሚባሉት ይቆጠራሉ። በገድላቸው እንደሚነገረው በልጅነታቸው ትምህርት አልገባቸው ብሎ ለሰባት ዓመት ተቸግረው ነበር። ፊደል ያልዘለቀው ልጅ በኋላ «መጽሐፈ ምሥጢር»ን (1424 እ.ኤ.አ. ገደማ) ጻፈ። ይህ መጽሐፍ ስለ ሥላሴና ስለ ክርስቶስ ሰው መሆን የተሰነዘሩ የተሳሳቱ ትምህርቶችን አንድ በአንድ እያነሣ የሚሞግት በግእዝ የተጻፈ ትልቅ ሥራ ነው። የቤተ ክርስቲያን የሰዓታት ጸሎትም በስማቸው ይጠራል። ጋሥጫ ገዳም የሚገኘው በዛሬው ደቡብ ወሎ በቦረና አካባቢ ነው። አባ ጊዮርጊስ የተከራከሩበት ርዕስ፣ የክርስቶስ ባሕርይ፣ ከ450 ዓመት በኋላ ቦሩ ሜዳ ላይ ለፍርድ የቀረበው ያው ርዕስ ዘር ነው።

ኢማሞቹና ወይዛዝርቱ

በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከወሎ ገዦች ጎልተው የወጡት የወረ ሂመኖው የማመዶች ቤተሰብ ነበሩ። ገዦቹ «ኢማም» የሚል ማዕረግ ይዘው ከመሬትና ከጦር ጋር እስልምናንም አጠናከሩ። በዚያው ዘመን ትምህርቱን ያስፋፉት ግን መሻይኾቹ ነበሩ። የጃማ ንጉሥ መሥራች ሸኽ ሙሐመድ ሻፊ የቃዲሪያ ጠሪቃን በአካባቢው አስፋፍተዋል፤ ጃማ ንጉሥ ዛሬም በመውሊድ በዓል የታወቀ ነው። ከኮምቦልቻ አቅራቢያ በምትገኘው ገታ ደግሞ ሰይድ ቡሽራ አስተምረዋል። እነሱ የሞቱት በ1855 ዓ.ም. ገደማ ቢሆንም ገታ የዚያራ ቦታ ሆና ቀጥላለች።

የማመዶች ሴቶች ታሪክ ከወንዶቹ አያንስም። የኢማም ሊበን ልጅ መነን ሊበን አመዴ ከየጁው ደጃዝማች አሉላ ጋር ስትጋባ ክርስትና ተነሣች፤ ልጃቸው ራስ ዓሊ (ዳግማዊ ዓሊ) የመሳፍንቱ ዘመን የመጨረሻው ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ሆነ። መነን በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 3ኛን አግብታ «እቴጌ» ተባለች፤ ጎንደርና አካባቢውንም በገዛ ጦሯ ታስተዳድር ነበር። በ1839 ዓ.ም. የቋራው ካሣ፣ የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ በጦርነት ማርኳት ልጇ ራስ ዓሊ ግዛት ሰጥቶ አስለቀቃት። የቴዎድሮስ የመጀመሪያ ሚስት ተዋበችም የዚህችው የመነን የልጅ ልጅ ነበረች። በወሎ ለጋብቻ ወይም ለሥልጣን ሲባል ሃይማኖት መለወጥ ከቦሩ ሜዳ በፊትም የታወቀ ነበር ማለት ነው። በ1870 ዓ.ም. አዲስ የሆነው ነገር በአዋጅ መታዘዙ ነው።

ሌላዋ ወይዘሮ ወርቂት ናት። በሰኔ 1857 ዓ.ም. ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ አምባ ከቴዎድሮስ እስር ሲያመልጥ መንገዱ በወርቂት ግዛት ላይ ነበር። የወርቂት ልጅ አመዴ በሽር በዚያ ሰዓት በቴዎድሮስ እጅ በመቅደላ ታስሮ ነበር። ምኒልክን ይዛ ብትመልስ ልጇን ማትረፍ ትችል ይሆናል፤ እሷ ግን አሳልፋ ወደ ሸዋ ላከችው። ቴዎድሮስ ይህን ሲሰማ ልጇን አስገደለው። በምኒልክ የሕይወት ታሪክ ውስጥ ይህ ክስተት ብዙ ጊዜ በሁለት መስመር ይታለፋል፤ የአድዋው ንጉሠ ነገሥት በሕይወት ሸዋ የደረሰው ግን አንዲት የወሎ እናት በከፈለችው ዋጋ ነው። የወርቂት ተቀናቃኝ የነበረችው መስተዋት ደግሞ የአመዴ ሊበን (አባ ዋጠው) እናት ናት። አባ ዋጠው ከዚህ በታች ቦሩ ሜዳ ላይ እንደገና ይመጣል።

የ1870 ጉባኤ

በመጋቢት 1870 ዓ.ም. የሸዋው ምኒልክ ሊቼ ላይ ለዐፄ ዮሐንስ ገብቶ በንጉሥነቱ ጸና። ከሁለት ወር በኋላ ሁለቱ ነገሥታት ሊቃውንቱን ይዘው ቦሩ ሜዳ ላይ ተገናኙ። ሜዳው ከሰሜንና ከሸዋ ለሚመጣ ጦር መካከለኛ ነበር፤ ጉባኤው በወሎ መደረጉም ለወሎ ገዦች የሚያስተላልፈው መልእክት ነበረው።

ለክርክር የቀረቡት ሦስት ወገኖች ነበሩ። ተዋሕዶዎች፣ በተቃዋሚዎቻቸው አጠራር «ካራ»፣ ክርስቶስ ሁለት ልደት አለው ይሉ ነበር፤ ከአብ ያለ እናት፣ ከድንግል ማርያም ያለ አባት። በሸዋ የበረቱት የጸጋ ልጅ ወይም የሦስት ልደት ሰዎች በእነዚህ ላይ በመንፈስ ቅዱስ መቀባትን እንደ ሦስተኛ ልደት ይቆጥሩ ነበር። በጎጃም የበረቱት ቅባቶች ደግሞ መቀባቱን ራሱን የተዋሕዶው ምክንያት ያደርጉታል። «ካራ» የሚለው ስም ሦስተኛውን ልደት በቢላ ቆርጠው ጣሉ ለማለት የወጣ ነው ይባላል። ነገሩ ለዛሬ አንባቢ ረቂቅ ቢመስልም በዚያ ዘመን ማን የቱን ገዳም ይዞ የቱን መሬት ይበላል የሚለውም በዚሁ ይወሰን ነበር። ዐፄ ዮሐንስ ከእስክንድርያው ፓትርያርክ የመጣ ደብዳቤ አስነብበው ለተዋሕዶ ፈረዱ። ምኒልክም የገዛ አገሩ ሊቃውንት የያዙትን የጸጋ ትምህርት ትቶ ተቀበለ።

የቦሩ ሜዳን ስም በሊቅነት ያስጠሩት መምህር አካለ ወልድ ናቸው። በዚሁ በቦሩ ሥላሴ ወንበር ዘርግተው መጻሕፍትን ያስተማሩ የተዋሕዶ ሊቅ ሲሆኑ ከብዙ አገር ተማሪ ይጎርፍላቸው ነበር። በደሴ ከተማ በስማቸው የተሰየመ ትምህርት ቤት አለ።

በጉባኤው ማግሥት ሁለት የወሎ ገዦች ክርስትና ተነሡ። ኢማም አመዴ ሊበን፣ ማለትም አባ ዋጠው፣ ኃይለ ማርያም ተባለ፤ የክርስትና አባቱ ምኒልክ ነበር። የኢማም ዓሊ አባ ቡላ ልጅ መሐመድ ዓሊ ደግሞ ሚካኤል ተባለ፤ የክርስትና አባቱ ራሳቸው ዐፄ ዮሐንስ ሆኑ። ለሕዝቡ የተሰጠው ጊዜ ረዘም ያለ ነበር። ሙስሊሞች በሦስት ዓመት፣ በባህላዊ እምነት ያሉት በአምስት ዓመት ክርስትና እንዲነሡ ታዘዘ።

ንጉሥ ሚካኤል

ከሁለቱ አዲስ ክርስቲያኖች ረጅም መንገድ የሄደው መሐመድ ዓሊ፣ የኋላው ራስ ሚካኤል ነው። መጀመሪያ ተንታን፣ በኋላም ደሴን ማዕከላቸው አደረጉ። የደሴ ስም የመጣው በ1875 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐፄ ዮሐንስ እዚያ ሰፍረው ሳለ ሰማይ ላይ ጅራታም ኮከብ አይተው ተደስተው እንደሆነ በአፈ ታሪክ ይነገራል። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ በቀን ብርሃን ሳይቀር የታየ ታላቅ ጅራታም ኮከብ መኖሩን የዓለም የሥነ ፈለክ መዝገቦችም ያረጋግጣሉ። ከዚያ በፊት ቦታው ላኮመልዛ ይባል ነበር። ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት ትልቅ የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» ይባላል፤ ስሙም ድሃና ሀብታም ሳይለይ የሚያስተናግድ ለማለት ነው።

ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ሲወድቁ ሚካኤል ከምኒልክ ጎን ቆሙ፤ ልጃቸውን ሸዋረጋን አገቡ። በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአድዋ ጦርነት የወሎ ፈረሰኞችን መርተው የጄኔራል ዳቦርሚዳን ብርጌድ ካጠቁት መካከል ነበሩ። በግንቦት 1906 ዓ.ም. ደግሞ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ «ንጉሠ ወሎ ወትግሬ» ብሎ አነገሣቸው። አባት በልጁ እጅ ሲነግሥ በኢትዮጵያ ታሪክ እምብዛም አልታየም።

ያልተጠመቁት

ስለ ቦሩ ሜዳ ሲጻፍ ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ በሚካኤል በኩል ይነገራል። በሌላው ወገን የቆሙት ሰዎች ግን ከእሱ ያልተናነሰ ቦታ ይገባቸዋል። ከነዚህ ዋነኛው ሸኽ ጦልሃ ኢብን ጃዕፈር (1853–1936 እ.ኤ.አ. ገደማ) ናቸው። የአርጎባ ተወላጅ የሆኑት ሸኽ ጦልሃ በ1870ዎቹ የዮሐንስን አዋጅ በመቃወም በወሎ የተነሣውን ዐመፅ ከመሩት አንዱ ነበሩ። ብዙዎች ቀዬአቸውን ትተው ተሰደዱ፤ ሌሎች ቀን ቤተ ክርስቲያን ሌሊት መስጊድ የሚሉ ሆኑ። ሸኽ ጦልሃ ግን ጦሩም ስደቱም አልፎ እስከ ጣልያን ወረራ ዘመን ኖሩ። ያስነሡትን አዋጅ ያወጁት ንጉሠ ነገሥት ከሞቱ ወደ ሃምሳ ዓመት ሊጠጋ ሲል ነው ያረፉት።

ሸኽ ጦልሃ ከጦርነቱ ሌላ በመንዙማቸው ይታወሳሉ። ግጥሞቹ በአማርኛ ሲሆኑ የተጻፉት በዐረብኛ ፊደል ነው። ይህ አጻጻፍ ዐጀሚ ይባላል። ለጸሐፊው ቀላል ሥራ አይደለም፤ የዐረብኛ ፊደል አናባቢ የሚያሳየው በሦስት ምልክቶችና በእነሱ ርዝማኔ ሲሆን አማርኛ ግን ሰባት ድምፅ አለው። «ቸ»፣ «ጨ»፣ «ኘ» እና «ጰ»ም በዐረብኛ የራሳቸው ፊደል የላቸውም። ስለዚህ የዐጀሚ ጸሐፍት በነባር ፊደላት ላይ ነጥብ እየጨመሩ ወይም አንዱን ፊደል ለሁለት ድምፅ እየተጠቀሙ መላ ፈጠሩ። በኮምፒውተር የግእዝን ፊደል ለማስገባት ዘመናችን የለፋበት ችግር፣ አንድን ቋንቋ ላልተሠራለት ሰሌዳ ማስማማት፣ በወሎ መድረሳዎች በቀለምና በብዕር ከረጅም ጊዜ በፊት ተሞክሯል።

ከዚሁ ወገን ሕዝብ አፍ ላይ የቀሩት ሸኽ ሁሴን ጅብሪል ናቸው። ስለ ነገሥታት መውጣትና መውደቅ በግጥም ተናገሯቸው የሚባሉት ትንቢቶች በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ዘንድ ይጠቀሳሉ፤ በመጽሐፍም ታትመዋል። ትንቢቶቹ በቃል ሲተላለፉ ከጊዜ ጊዜ የተጨመረባቸው እንዳለ ማሰብ ተገቢ ነው። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር አዲስ ስንኝ ይሰማልና።

የልጅ ልጆቹ

በ1901 ዓ.ም. የዐፄ ምኒልክ አልጋ ወራሽ ሆኖ የታወጀው ልጅ ኢያሱ በእናቱ የምኒልክ፣ በአባቱ የኢማም ዓሊ አባ ቡላ የልጅ ልጅ ነው። ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ በአፋርና በሐረር ከሙስሊሞች ጋር መዋል ያበዛ ነበር። በመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተሰበሰቡት መኳንንት ሰልሟል ብለው ከሥልጣን አወረዱት፤ አቡነ ማቴዎስም ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱ። አባትየው ቦሩ ሜዳ ላይ እምነቱን ለውጦ ያገኘውን ሥልጣን፣ ልጁ ወደ አያቱ እምነት ተመልሷል በሚል ክስ አጣው። በሁለቱ መካከል ያለው 38 ዓመት ያህል ነው። ኢያሱ በእርግጥ ሰልሞ ነበር ወይስ ሙስሊሙን የአገሩ ሙሉ ባለቤት ለማድረግ እየሞከረ ነበር የሚለው ዛሬም የታሪክ ምሁራንን ያከራክራል።

ንጉሥ ሚካኤል ለልጃቸው የወሎን ጦር ይዘው ወደ ሸዋ ዘመቱ። መንዝ ውስጥ ቶራ መስክ ላይ የራስ ልዑል ሰገድን ጦር ደምስሰው ራሱንም ገደሉት። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ግን ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ፤ በ1910 ዓ.ም. መጨረሻ በእስር ሞቱ። ኢያሱ ከአራት ዓመት በላይ በአፋርና በወሎ ሲሸሽ ኖሮ በ1913 ዓ.ም. ተይዞ በ1928 ዓ.ም. በጋራ ሙለታ እስር ላይ ሳለ ሞተ።

አሸናፊዎቹም ከወሎ የራቁ አልነበሩም። በኢያሱ ምትክ የነገሡት ንግሥት ዘውዲቱ እናታቸው ወይዘሮ አብቺ የወሎ ባላባት ነበሩ። አልጋ ወራሹ ተፈሪ መኮንን ደግሞ የንጉሥ ሚካኤልን የልጅ ልጅ መነን አስፋውን አግብቶ ነበር። መነን የአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋውና የወይዘሮ ስኂን ሚካኤል ልጅ ናቸው፤ «ጃንጥራር» የአምባሰል ገዥዎች በዘር የሚወርሱት ማዕረግ ነው። በ1903 ዓ.ም. ከተፈሪ ጋር ያጋባቸው አጎታቸው ኢያሱ ሲሆን ያን ጊዜ የራስ ልዑል ሰገድ ባለቤት ነበሩ። ስለዚህ ሰገሌ ላይ አያታቸውና አጎታቸው በአንድ ወገን፣ ባላቸው በሌላው ወገን ነበሩ፤ የቀድሞ ባላቸውን ደግሞ ከጥቂት ቀን በፊት የአያታቸው ጦር ገድሎታል። በ1923 ዓ.ም. ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር እቴጌ ተብለው ዘውድ የጫኑት እኚሁ ናቸው። በስማቸው የተጠራው የአዲስ አበባው የሴቶች ትምህርት ቤት ከጣልያን ወረራ በፊት የተከፈተ ነው። በየካቲት 1954 ዓ.ም. አረፉ። እናታቸውን የሚያስታውሰው በደሴ ያለው ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ነው።

ተማሪውና የታሪክ ምሁሩ

በወይዘሮ ስኂን ካለፉት ተማሪዎች በጣም አከራካሪው ዋለልኝ መኮንን ነው። የወሎ ተወላጅ የሆነው ዋለልኝ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሳለ በኅዳር 1962 ዓ.ም. የብሔረሰቦችን ጥያቄ የሚያነሣ አጭር ጽሑፍ አቀረበ። ጥቂት ገጾች ብቻ ናቸው። በውስጡ ኢትዮጵያ የብዙ ብሔረሰቦች አገር ሆና ሳለ ኢትዮጵያዊነት ግን በአንድ ወገን ቋንቋና ባህል ተሸፍኗል ሲል ተከራከረ። ጽሑፉ የተማሪውን እንቅስቃሴ ሁለት ከፍሎ ከዚያም አልፎ የአገሪቱን የኋለኛ ፖለቲካ ነክቷል፤ ደጋፊው የጭቁኖች ድምፅ ሲለው ነቃፊው የመከፋፈል መነሻ ያደርገዋል። ዋለልኝ ክርክሩ ወዴት እንደሄደ አላየም። ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ከማርታ መብራህቱና ከሌሎች ጓዶቹ ጋር የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክሩ በአውሮፕላኑ ውስጥ ተገደለ።

በዚያው ዓመት ወሎ ውስጥ ረሃብ ጸንቶ ነበር። በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያቀረበው የቴሌቪዥን ዘገባ፣ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ከኮረም የተሠራጨው ፊልም፣ ወሎን ለዓለም ያስተዋወቀው ስማቸው ባልተነገረ ሰዎች ፊት ነው። የውጭ አንባቢ ከወሎ የሚያስታውሰው ሰው ካለ አብዛኛውን ጊዜ ስም የሌለው ሰው ነው።

የወሎን ሙስሊሞች ታሪክ በስም፣ በቦታና በዘመን ለይቶ በመጻፍ የሚታወቁት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ምሁር ሑሴን አሕመድ ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ላይ የጻፉት መጽሐፍ በ2001 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድስ ብሪል በተባለው ማተሚያ ቤት ታተመ። ስለ ሸኽ ጦልሃ ሕይወትም ራሱን የቻለ ጥናት አሳትመዋል። ከዚህ በላይ ስለ ጃማ ንጉሥና ስለ ገታ መሻይኾች የተጻፈውን የሚፈልግ ሰው ዞሮ ዞሮ የሚደርሰው እሳቸው ጋ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. አረፉ።

ንግድ

ከደሴ ተወላጆች በገንዘብ የታወቁት ሼክ ሙሐመድ ሑሴን ዓሊ አል አሙዲ ናቸው። በ1938 ዓ.ም. ከየመናዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት ደሴ ተወልደው ያደጉት ወልዲያ ነው። በወጣትነታቸው ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ሄደው በግንባታና በነዳጅ ሥራ ከበሩ፤ በሚድሮክ ኩባንያዎች በኩል በወርቅ ማዕድን፣ በሆቴልና በእርሻ ኢንቨስት አድርገዋል። በወልዲያ በስማቸው የተጠራው ስታዲየም በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል። ከ2010 እስከ 2011 ዓ.ም. በሳዑዲ መንግሥት የፀረ ሙስና ዘመቻ ከተያዙት ባለሀብቶች አንዱ ሆነው ታስረው ተፈተዋል።

ሙዚቃ

በኢትዮጵያ ባህላዊ ሙዚቃ አራት ዋና ቅኝቶች አሉ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ። ሁለቱ በቀጥታ የወሎ ቦታ ስም ናቸው። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ አፋር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የሰኞ ገበያ ከተማ ናት፤ አምባሰል የጃንጥራሮቹ ተራራማ አገር ነው። ትዝታም ከወሎ ጋር ተያይዞ ይነሣል። ሁሉም አምስት ድምፅ ሲኖራቸው ልዩነቱ የትኞቹ አምስት ናቸው በሚለው ነው። ከዶ ተነሥቶ ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላ ሲል ባቲ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶ፣ ሲ ይላል። አምባሰል ደግሞ ዶ፣ ሬ፣ ፋ፣ ሶ፣ ላ ሲሆን ሬውና ላው በግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላሉ። ለሰሚው ጆሮ ባቲ ውስጥ የሚሰማው ቅሬታ የሚመጣው ሚና ፋ፣ ሲና ዶ ጎን ለጎን ከመሆናቸው ነው።

ቅኝቶቹን ማን እንደፈጠራቸው አይታወቅም። ካዜሙት ግን ማሪቱ ለገሠን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። ማሪቱ በደርግ ዘመን ከወሎ የወጣው የላሊበላ ኪነት ቡድን አባል ነበረች። አምባሰልን፣ ባቲንና ትዝታን በማሲንቆና በክራር አጀብ ስትዘፍን ድምጿን ጎትታ ከፍ አድርጋ ትይዝና ስንኙ ሲያልቅ ቀስ ብላ ታወርደዋለች። ከእሷ በኋላ የመጡ ብዙ የወሎ ዘፈን አቀንቃኞች ይህንኑ አያያዝ ይከተላሉ። ማሪቱ ለብዙ ዓመታት አሜሪካ ስትኖር በውጭ አገር ባሉ ኢትዮጵያውያን ዘንድ አምባሰል የሚለው ስም ከተራራው ይልቅ ከእሷ ድምፅ ጋር የሚታወስ ሆነ።